የወይራው ፍሬም አራት ማዕዘኖች

አርብ ረፋድ ላይ፣ ሙያውን ባስተማሩት ሽማግሌ ደጃፍ ቆሞ፣ ሊያለቅስ ወይም ሊራገም በሚገባው ሰዓት፣ ስቱኮ ለምን ሳቀ?

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ አውጥቼ እንዳወረድኩት የማውቀው እኔ ነኝ። መልስ አላገኘሁለትም። ሚስቱን ጠየቅኋት፤ «እንቅልፍ ያጣ ሰው በማንም ይስቃል» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እሱን ራሱን ጠየቅሁት፤ «ስቄ ነበር እንዴ?» ብሎ እኔኑ መልሶ ጠየቀኝ። ስለዚህ መልሱን ለሚያውቅ ትቼ፣ የሆነውን እንደሆነ ልናገር። የእንጨት ሥራ ቤቱና የእኔ ክፍል በአንድ ስስ ግድግዳ ይገናኛሉ፤ ያላየሁትን ሰምቻለሁ፣ ያልሰማሁትን ደግሞ ሚስቱ ነግራኛለች።

ስቱኮ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ስቱኮ የእንጨትና የግድግዳ ስንጥቅ የሚደፈንበት ሊጥ ነው። እሱ የራሱን ስቱኮ ከመጋዝ ዱቄትና ከኮላ እያቦካ፣ ክዳኑ በዛገ የወተት ዱቄት ጣሳ ያስቀምጠዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ ሰው ነው። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ እርሳሱን ሲፈልግ ይውላል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ዴስክ፣ መደርደሪያ፣ በርና ቁም ሳጥን ሠርቷል። ሥራው ጠንካራ ነው፤ በሱ ወንበር ተቀምጦ የወደቀ ሰው አልታየም። ችግሩ ማዕዘኑ ነው። ሁለት እንጨት የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ አፉን ይከፍታል። እዚህ ጋ ምላጭ የሚያስገባ፣ እዚያ ጋ ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ያኔ ጣሳው ይከፈታል፣ ክፍተቱ ይደፈናል፣ ቀለም ይቀባበታል፣ ያልፋል።

ሰፈሩ ግን አያልፍም። ጎን ለጎን የሚሠራው ጫማ ሰፊ በየጠዋቱ አንድ ነገር ካላለ ቀኑ የሚነጋለት አይመስለውም።

«ስቱኮ! መንጋጋዬ ተቦርቡሯል፣ ትንሽ አትደፍንልኝም?»

«አፍህን ክፈትና ና። ግን ከጀመርኩ ምላስህንም አልምርልህም!»

ይሳሳቃሉ። ስቱኮ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ይስቃል። ጫማ ሰፊው ከሄደ በኋላ ግን፣ ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ ቀኝ እጁን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እንደ ሰው ዕቃ ያየዋል። «እጄ ጠማማ ነው» ይላል። በተጋቡ በሳምንታቸው የነገራት የመጀመሪያ ምሥጢሩ ይሄ ነበር። «ጋሼ ሁሉን አስተማሩኝ፤ እጄ ግን ጠማማ ነው፤ ምን ላድርግ።» ጋሼ የሚላቸው ሙያውን ያስተማሩትን ሽማግሌ አናጢ ነው። እሳቸው ዘንድ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ገብቶ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ሲሰናበት፣ የብረት ምላስና የእንጨት እጀታ ያለው የራሳቸውን ስኳድራ ሰጥተው ሸኙት። አናጢ ቀጥ ያለውንም ሆነ የአርባ አምስቱን ማዕዘን የሚያሰምረው በዚህ ዕቃ ነው። ስቱኮ በጨርቅ ይጠቀልለዋል፣ በዘይት ይወለውለዋል፣ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው ትልቋ ልጁ ጸጉር ቤት ልትከፍት ስትነሳ ነው። ሁለት መንገድ አልፎ ያለ፣ ሰፊ መስኮት ያለው አንድ ክፍል ተከራየች። መስታወት ቆራጩ አንድ ሜትር ከሃያ በሰማንያ የሆነ ትልቅ መስታወት ቆርጦ፣ ጠርዙን አለስልሶ አመጣላት። የቀረው ፍሬም ብቻ ነበር።

«እኔ እሠራልሻለሁ» አለ አባቷ፤ ገና ሳትጠይቀው።

ፍሬም ደግሞ ዴስክ አይደለም። የፍሬም አራት ጎኖች ጫፋቸው በአርባ አምስት ዲግሪ ሰያፍ ተቆርጦ ነው የሚገጥሙት። አራት ማዕዘን ማለት ስምንት ቁርጥ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቁርጥ የፀጉር ያህል ቢሳሳት፣ ሦስቱ ማዕዘኖች በግድ ተገፍተው ይታረቃሉ፤ አራተኛው ግን የስምንቱን ጥፋት ብቻውን ተሸክሞ አፉን ይከፍታል። ይህንን የሚያውቅ አናጢ ሁሉ ለፍሬም ለስላሳ እንጨት ይመርጣል፤ ለስላሳ እንጨት ሲጨመቅ ይታዘዛል። ስቱኮ የመረጠው ወይራ ነው።

ወይራው ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ አግዳሚ ነበር፤ ጣሪያ ተሸክሞ ዘመኑን የጨረሰ፣ የጠቆረ፣ ሰዎች ለማገዶ ሊፈልጡት ያዘጋጁት። ስቱኮ ሰንጥቆ ሲልገው ውስጡ ማር የመሰለ፣ ጥቁር ቡናማ ሥር የተጋደመበት ሆኖ ወጣ። ጫማ ሰፊው እንኳ ቀልዱን ትቶ በመዳፉ ዳሰሰው። ወይራ ግን አይታዘዝም። ካልገጠመ አልገጠመም። ቀለምም አይቀባበትም፤ ዘይት ብቻ ነው የሚቀበለው። በላዩ ላይ ስቱኮ ቢለጠፍበት በቆንጆ ፊት ላይ እንደ ተለጠፈ ፕላስተር ያስታውቃል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አራቱን ጎኖች ሁለተኛ ጊዜ ቆርጦ፣ ኮላ ሳይቀባ መሬት ላይ ገጣጠማቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማዕዘን ተዘጋ። አራተኛው አራት ሚሊሜትር ተከፈተ። በመጀመሪያው ሙከራም የተከፈተው ልክ ይህን ያህል ነበር። እንጨቱ በየሙከራው እያጠረ ነው፤ አሁን መስታወቱ ለሚቀመጥበት ልክ የቀረው ትርፍ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ብቻ ነው። ከእንግዲህ መጋዝ ከነካው መስታወቱ አይገባም። ሌላ ወይራ ደግሞ የለም።

ልጁ በዚህ መሀል ገባች። ማዕዘኑን አየች። ምንም እንዳላየች ሆና መስኮቱን አየች።

«አባዬ፣ ደከመህ አይደል?»

«አልደከመኝም።»

«እኔ እኮ…» ድምፅዋን አለሰለሰች፤ «ከመንገዱ ማዶ ያለው አሉሚኒየም ሠሪ አለ አይደል፣ እሱ ፍሬም ቆርጦልኛል። ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት አምጥቶ ይሰቅልልኛል። ያንተን ቤት እንሰቅለዋለን፤ እማዬ መኝታ ክፍል።»

«መኝታ ክፍል» አለ።

«ደንበኛ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሚያየው ነገር ነው፣ አባዬ። ገባህ አይደል?»

«ገብቶኛል፣ የኔ ልጅ።»

ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ለአባቷ አዝና መናገሯ ነው ያቃጠለው። ከሄደች በኋላ ለሚስቱ እንዲህ አላት፤ «ልጄ ዴስክ ተሸክሜ ትምህርት ቤቷ ስገባ ጓደኞቿ መሀል 'ያ አባቴ ነው' ትል ነበር። አሁን እያሳዘንኳት ነው።» ሌሊቱን አልተኛም። አርብ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ አራቱን ጎኖች ተሸክሞ ሚስቱ ወደምትሰፋበት ክፍል ገባ፤ የስፌት መኪናዋ መብራት ጥሩ ነው። እሷ ለጸጉር ቤቱ የጠረጴዛ ጨርቅ ጠርዝ እያጠፈች ነበር። የጨርቁን ማዕዘን ሰያፍ አድርጋ አጥፋ፣ በካውያ ረግጣ፣ ትሰፋለች። አንዱን ጨርሳ ሌላውን ትይዛለች። ሁሉም ልክ ናቸው።

ቆሞ አያት። «አንቺ ይሄንን በምን ትለኪዋለሽ?»

«ምኑን?»

«አርባ አምስቱን።»

«እኔ ምን ስኳድራ አለኝ? አጥፌ ነው የማገኘው።» ከንድፍ ወረቀቶቿ አንዱን አነሳች። መጀመሪያ እንዳመጣላት አጠፈችው፤ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። መስመሩን በራሱ ላይ ደርባ አጠፈችው፤ ቀጥ ያለ ማዕዘን ወጣ። ያንን ማዕዘን ደግሞ እኩል ለሁለት አጠፈችው። «ይኸው አርባ አምስትህ። ወረቀት አያዳላም።»

ስቱኮ ወረቀቱን ተቀብሎ ከስኳድራው ጋር አስጠግቶ ወደ መስኮቱ አነሳው። በመካከላቸው ቀጭን ብርሃን ገባ። ከታች ተነካክተዋል፣ ከላይ ተለያይተዋል።

«ወረቀትሽ ጠማማ ነው።»

«እንዴ! ሃያ ስምንት ዓመት እጅህን ስትሰድብ ኖረህ ዛሬ ደግሞ ወረቀቴ ላይ ዞርክ?» ነጠቀችው፣ ሌላ ወረቀት አጠፈች፣ ሁለቱን ደረበች፣ አንዱን ገልብጣ ደግማ ደረበች። ልክ ናቸው። «አየህ? ወረቀቴ ሲገለበጥም ያው ነው። እስቲ ያንተን ገልብጠው።»

«ስኳድራ አይገለበጥም።»

«ማን አለ?»

«የጋሼ ስኳድራ እኮ ነው!»

«ጋሼ ገልብጠህ አትየው ብለዋል?»

ስኳድራውን ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ ዞረ። የመቁረጫ ጠረጴዛዋ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው፤ እሱ ራሱ ነው የላገው። የስኳድራውን እጀታ በጠርዙ ላይ አስደግፎ፣ በሾለ እርሳስ አንድ መስመር አሰመረ። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ፣ ስኳድራውን ገልብጦ ከዚያው ነጥብ ተነስቶ ሌላ መስመር አሰመረ። ስኳድራ ደህና ከሆነ ሁለቱ መስመሮች አንድ ይሆናሉ። እነዚህ ግን እንደ ተከፈተ መቀስ ከታች ተገናኝተው ከላይ ተለያዩ። ጫፋቸው ላይ ያለው ክፍተት አራት ሚሊሜትር ይሆናል።

ሁለቱን መስመሮች በጣቱ ተከትሎ አየ። ከዚያ ጮኸ።

«እጄ አይደለም!»

እኔ በግድግዳው በኩል ሰማሁት። ጫማ ሰፊውም መዶሻውን እንደያዘ ሮጦ ገባ።

«እጅህን ቆረጥከው? የትኛውን?»

«አልቆረጥኩትም! እጄ ደህና ነው! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ደህና ነው!»

«አብዷል» አለ ጫማ ሰፊው ወደ ሚስቱ ዞሮ።

«አላበደም፣ ዝም በል!» አለችው፤ እሷም እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየም።

ስቱኮ ስኳድራውን ጨብጦ በሩ ላይ ደረሰ። «ጋሼ ሳያውቁት ነው የሰጡኝ! እሳቸውንም ሸውዷቸው ኖሯል! ሳይሞቱ ልንገራቸው!»

«መስታወቱ ነገ ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

«መጣሁ!»

«ጫማህ!» አለች። አንድ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ምንም አልነበረም።

ሽማግሌው የሚኖሩት ልጃቸው ቤት፣ ከአትክልት መሸጫው ጀርባ ባለ ጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ስቱኮ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ፊታቸው ቆመ።

«ጋሼ! ስኳድራው ጠማማ ነው!»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማነው?»

«ስቱኮ።»

ሽማግሌው ስኳድራውን ከእጁ ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ በረጅሙ ተንፍሰው፣ «ዘገየህ» አሉ። «ሃያ ስምንት ዓመት ዘገየህ፣ ልጄ።»

«ያውቁ ነበር?»

«እኔ ነኝ ያጣመምኩት።» ወንበሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፤ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። አልተቀመጠም። «የኛ ቤት ደንብ ነበር። እኔንም ያሠለጠኑኝ ሰውዬ እንዲሁ አድርገውኛል። ለሚሰናበት ሠራተኛ ጠማማውን ስኳድራ ሰጥተህ ትሸኘዋለህ። ዕቃ ሲሰጠው ከማመኑ በፊት የሚፈትን አናጢ፣ በማግስቱ ይመለሳል። 'ጋሼ፣ ይሄ ጠማማ ነው' ይላል። ያኔ ትስቃለህ፣ እውነተኛውን ታወጣለህ፣ መርቀህ ትሰጠዋለህ። ካንተ በፊት ሦስት ሠራተኛ ሸኝቻለሁ። አንዱ በዚያው ቀን መጣ። አንዱ በማግስቱ። ሦስተኛው ሰነፍ ነበር፤ እሱ እንኳ በሳምንቱ መጣ። አንተን ጠበቅሁ። አንድ ወር ጠበቅሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?»

«ከነገርኩህማ ስኳድራ ሰጠሁህ እንጂ አናጢ አላደረግሁህም፣ እል ነበር።» ድምፃቸው ወረደ። «ይህ የመጀመሪያው ዓመት ኩራቴ ነው። በሁለተኛው ዓመት ልነግርህ መጥቼ ነበር። ደጃፍህ ላይ ሰው ተሰብስቦ 'ስቱኮ፣ ስቱኮ' ይልሃል፤ አንተም ትስቃለህ። እኔ ያወጣሁልህ ስም ሆኖ ተሰማኝ። አፈርኩ። ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለመናገር እየከበደ ሄደ። 'ለምን አምና አልነገሩኝም' ብትለኝ ምን እላለሁ?»

ያኔ ነው ስቱኮ የሳቀው። ሚስቱ ጫማውን ይዛ ተከትላው ደርሳ ነበርና በዓይኗ አይታለች። ሆዱን ይዞ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እኔ ደግሞ እርስዎን እንዳልረብሽ ብዬ ስኳድራዎን አከብራለሁ! በዘይት እወለውላለሁ!» ይላል፣ እንደገና ይስቃል። ሽማግሌው መጀመሪያ ደነገጡ። ቀስ እያሉ የሳቸውም ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አንቺ፣ ልጄ» አሉ ወደ ሚስቱ፤ ኮቴዋን ሰምተዋል። «ከአልጋዬ ሥር ሣጥን አለ። በቡናማ ጨርቅ የተጠቀለለውን አምጪልኝ።»

አመጣችው። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። ስቱኮ ተቀብሎ ጎንበስ አለ፤ ሊስማቸው ነበር የመሰላቸው። እሱ ግን ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውጥቶ፣ የተቀመጡበትን አግዳሚ ወንበር ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰና፣ ስኳድራውን አስደግፎ አንድ መስመር አሰመረ። ገለበጠው። ሌላ አሰመረ።

«ምን እያደረገ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«እየፈተነው ነው» አለች ሚስቱ።

«እሰይ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «እሰይ! ስንት ሆነ?»

«አንድ መስመር ነው፣ ጋሼ» አለ። «ሁለት ጊዜ አስምሬ አንድ መስመር ነው።»

ተመልሶ ሲመጣ ይሮጥ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ በሁለት ጫማ። አምስት ሰዓት ሆኗል። መጋዝ አይነካም ብያለሁ፤ የቀረው መንገድ መላጊያ ነው። ሦስት ጣውላ ቸንክሮ መደገፊያ ሠራ፤ ወይራው በአርባ አምስት ዲግሪ ተደግፎ የሚቀመጥበት፣ መላጊያውም በጎኑ ተኝቶ የሚንሸራተትበት። መደገፊያውን በአዲሱ ስኳድራ አስተካከለ። የመላጊያውን ስለት የክንዱን ፀጉር እስኪላጭ አሾለው። የተቆረጠ የወይራ ጫፍ ክፉ ነው፤ ስለቱ ከደነዘዘ ጠርዙ ይፈነቀላል፣ የተፈነቀለ ጠርዝ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ከጀርባው ቁራጭ እንጨት አስደገፈ፤ ቢፈነቀል ያ ይፈንቀል።

የመጀመሪያውን ሲልግ ትንፋሹን ያዘ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ወጣ። ክፍሉ የወይራ ዘይት የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ሸተተ። ሁለት ምት፣ ሦስት ምት። ስኳድራው ላይ አደረገው፤ ብርሃን አያሳልፍም። «አንድ» አለ። ከዚያ «ሁለት»። «ሦስት» ሲል ጫማ ሰፊው መርፌውን ጥሎ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «አራት» ሲል ዳቦ ገዝታ የምታልፍ ጎረቤት ቆመች። «ስምንት» ሲል በሩ ላይ እንደ ኳስ ጨዋታ ሰው ተሰብስቧል፤ እኔም ወጥቼ ነበር።

ገጣጠመው። አንድ ማዕዘን፤ ተዘጋ። ሁለት፤ ተዘጋ። ሦስት፤ ተዘጋ። አራተኛው ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከውስጥ በኩል የፀጉር ያህል ጥቁር መስመር ቀረ።

ጫማ ሰፊው ጎንበስ ብሎ አየና በሹክሹክታ፣ «ይሄማ ምንም አይደል። ትንሽ የወይራ ዱቄት በኮላ… ማን ያየዋል? እኔ እንኳ ካልተነገረኝ አላየውም» አለ። ለክፋት አልነበረም።

ስቱኮ ጣሳውን አነሳ። ክዳኑን ከፈተ። አየው። ልጁ ነገ ጠዋት የምታየው ፊት ታይቶት ይሆን፣ አላውቅም፤ ዘጋውና ከመስኮቱ ውጪ ደፉ ላይ አስቀመጠው።

«ማዕዘኑ ልክ ነው» አለ ለራሱ። «ስኳድራው ልክ ነው። እጄ ልክ ነው። እንግዲህ የቀረው ርዝመት ነው።»

ሁለቱን ረጃጅም ጎኖች ፈትቶ አወጣ። የመስታወቱን ብርድ ልብስ ገለጠና፣ ከመስታወት የተስተካከለ ነገር የለምና፣ ሁለቱን በላዩ ጎን ለጎን አስተኛቸው። አንደኛውን ጫፋቸውን እኩል አደረገ። ሌላኛውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰ። ዓይኑን ጨፍኗል። ጣቱ ቆመ።

«አንዱ ይበልጣል።»

«በምን ያህል?» አለ ጫማ ሰፊው።

«በወረቀት።»

«በወረቀት!» ጫማ ሰፊው ወደኋላ ዞሮ ለተሰበሰበው ሰው አስተላለፈ። «በወረቀት ይበልጣል አለ!»

የሚበልጠውን ወደ መደገፊያው መለሰው። አንድ ምት። ዳሰሰ። ሁለት ምት። ዳሰሰ። ሦስተኛውን ግማሽ ምት አደረገ። ገጣጠመው። ጥቁሩ መስመር የለም። የእንጨቱ ጥቁር ሥር ብቻ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ታጥፎ፣ መንገዱን እንደማይስት ውሃ ዞሮ አለፈ። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጫማ ሰፊው የሚቀልደው አጥቶ መላጊያውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

ኮላውን ሁለት ጊዜ ቀባ። የተቆረጠ የእንጨት ጫፍ እንደ ደረቅ አሸዋ ነው፤ የመጀመሪያውን ይጠጣል፣ ሁለተኛው ነው የሚያጣብቀው። አራቱ ማዕዘን ላይ ቁራጭ እንጨት አስደግፎ፣ ዙሪያውን በገመድ ጠምጥሞ፣ ገመዱ ውስጥ ዱላ አስገብቶ እስኪንቋቋ አጠበቀው። በሲባጎ ከማዕዘን ማዕዘን ለካ፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ናቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። «እስከ ነገ ማንም አይንካው» አለና በርጩማ ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። በዚያች ሌሊትም እንዳልተኛ የማውቀው፣ ሲነጋ ሚስቱ «አይሸሽም እኮ!» ስትለው ስለሰማሁ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ገመዱን ፈታ። በስስ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ዘይት ቀባው፣ መስታወቱን አስገባ። ትክክል ገባ። እሱና ጫማ ሰፊው በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ «ቀኝ! ቀኝ እኮ አልኩህ!» «ቀኝህ ነው ወይስ ቀኜ?» እየተባባሉ ሁለቱን መንገድ አቋረጡ። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጸጉር ቤቱ ደረሱ። አሉሚኒየም ሠሪው ቀድሟቸው ፍሬሙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መሰርሰሪያውን እያዘጋጀ ነበር።

ልጁ አባቷን አየችው፤ ዓይኑ የቀላ፣ ፀጉሩ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት። «አባዬ፣ አንተ ደግሞ… ተነጋግረን አልነበር?»

«እዪው ብቻ። ከዚያ የፈለግሽውን ስቀይ።»

ብርድ ልብሱን ገለጠ። ልጁ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች። የፀጉር ሠሪ ጥፍር ረጅም ነው። የጠቋሚ ጣቷን ጥፍር በመጀመሪያው ማዕዘን ላይ አሳለፈች፤ እንጨቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ምንም አልያዘውም። ሁለተኛው ላይ አሳለፈች። ሦስተኛው። አራተኛው ላይ ሁለት ጊዜ መለሰችው። ወደ መጀመሪያው ተመለሰችና እንደገና ዞረች።

«የት ነው ስቱኮው?» አለች በመጨረሻ።

«የለም።»

«አባዬ፣ እውነት ንገረኝ።»

«የለም አልኩሽ። ፈልጊ።»

አሉሚኒየም ሠሪው ተንበርክኮ አየና ወደ ስቱኮ ቀና አለ። «ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው ያስቆረጡት? ማሽኑ ያለው ማን ጋ ነው?»

ስቱኮ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ። አምስቱንም ጣት ዘርግቶ አዟዟረው፣ ከፊት፣ ከኋላ። «ይኸው ማሽኑ።»

ልጁ ወደ አሉሚኒየም ሠሪው ዞረች። «ወንድሜ፣ ያንተን ከኋላ፣ ከመታጠቢያው በላይ ስቀልልኝ። የዚህ ቦታ ተይዟል።» ከዚያ አባቷን አቀፈችው፤ ልብሷ በዱቄት ተሞላ፤ አላራገፈችውም።

መስታወቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተሰቀለ። ስቱኮ ግን አልሄደም። ለእያንዳንዱ ለሚገባ ሰው ስለ ስምንቱ ቁርጥ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ አውራ ጣቱ ተረከ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ራሷን ጎንበስ አድርጋ እየታጠበች፣ «እሺ፣ ሦስተኛውስ?» ትለው ነበር። ልጁ ቀስ ብላ ትከሻውን ይዛ አንዱ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰረችለት፣ ፀጉሩ ውስጥ የገባውን የወይራ ዱቄት ማበጠር ጀመረች። እሱ መስታወቱን እያየ ያወራል፤ «አራተኛው ጋ ስንደርስ እኮ…» አለ። አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። ደንበኛዋ ቀጥሎ የሆነውን ጠየቀች፤ ልጁ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። አምስት ሰዓት ከሃያ ነበር።